በግ የመሰለች ቃል

የሁዳዴ ጾም ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬያለሁ። አክስቴም የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከአዲስ አበባ መጥተው እዚያው ናቸው። ጠዋት ላይ የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ወደ ትምህርት ቤት ልትሄድ በሩን ስትከፍት «ኮትሽን ደርቢ» አሏት። ደረበች። «አንገትሽንስ?» ሻርፑን ጠመጠመች። «ቁርስ ሳትቀምሺ?» ቀጠሉ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ኮቱ መጡ፤ ዚፑ አልተዘጋም። ልጅቷ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብላ ሮጠች። አክስቴ ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን በግ በግ ትላለች ይቺ ልጅ? በሁዳዴ በግ አማራት እንዴ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጅቷ ያለችው «እማማ፣ ስቶፕ ባጊንግ ሚ» ነው። እማማ አትነዝንዢኝ፣ እንደ ማለት። ቃሏ «ባግ» ናት። በነገራችን ላይ አክስቴ ጆሯቸው አልዋሸም፤ አሜሪካኖቹ ሲጠሯት አናባቢዋ የእኛው «በግ» ውስጥ ካለው ድምፅ ጋር አንድ ልትሆን ምንም አልቀራትም። እኔ «ባግ» ብዬ የምጽፋት ከበጉ ጋር እንዳትምታታባችሁ ብቻ ነው። (አሁን ደግሞ ከቦርሳው ጋር ልትምታታባችሁ ነው። ምን ላድርግ፤ ሁለቱም የፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩን ሳስረዳቸው አክስቴ ብዙም አልተቀየሙም፤ ይልቅ አንድ ጥያቄ አነሱ። «ነዘነዘኝ ለማለት ይቺን ቃል ከየት አመጧት?» አሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቅኩ እንቅልፍ የለኝም። ስቆፍር ያገኘሁትን ነው አሁን የማወራችሁ። አንዷ ቃል መንፈስ ናት፣ ትኋን ናት፣ የኮምፒውተር ስሕተት ናት፣ የሰላይ ማይክሮፎን ናት፣ የሆድ ሕመም ናት፣ በመጨረሻም ንዝነዛ ናት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ የተጨናነቁት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁሉም ትንሽ ወይም ስውር ሆነው ትልቁን ሰውዬ ሰላም የሚነሱ ነገሮች ናቸው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ፤ ወደ እኛው ስመለስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መንፈስ ነበረች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «ቡግ» የሚለው ቃል ሰው የሚያስፈራ ነገር ማለት ነበር፤ ጭራቅም ሊሆን ይችላል፣ ማሳ ላይ የሚተከል የወፍ ማስፈራሪያም ሊሆን ይችላል። ጆን ዊክሊፍና ተከታዮቹ በ1380ዎቹ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የኤርምያስ መልእክት ላይ ደረሱ። ይህ መልእክት በእኛም ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለ ነው። በውስጡ ጣዖትን የሚያናንቅ አንድ ምሳሌ አለ፤ ጣዖት ማለት በአትክልት ቦታ መካከል እንደ ቆመ ማስፈራሪያ ነው፣ ምንም አይጠብቅም ይላል ሐሳቡ። ከእነዚያ ተርጓሚዎች አንዱ ለማስፈራሪያው የመረጠው ስም «ቡግ» ነው። እህል ሲያሽት ማሳው መሐል አሮጌ ኮት ለብሶ እጁን ዘርግቶ የሚቆመውን የእንጨት ሰውዬ ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ከሩቅ ያስደነግጣል፤ ቀርበህ ስታየው ጨርቅ ነው።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1535፣ ማይልስ ከቨርዴል የሚባል ሌላ ተርጓሚ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ አሳተመ። የዳዊትን መዝሙር ሲተረጉም መዝሙር 90 ላይ ደረሰ። እንግሊዞቹ 91 ብለው ይቆጥሩታል፤ እኛ ዘንድ ጸሎቱን በቃሉ የማይወጣው ሰው ጥቂት ነው። በእግዚአብሔር ጥላ ሥር ያለ ሰው የሌሊቱን አስፈሪ ነገር እንደማይፈራ የሚናገረውን ክፍል ከቨርዴል «ቡግ» በሚለው ቃል ነው የመለሰው። ለዘመኑ አንባቢ ትክክል ነበር፤ የሌሊት መንፈስ፣ የሌሊት ድንጋጤ ማለት ነው። የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ያንን ጥንታዊ ገጽ ሲያነብ የሚታየው ሌላ ነው። ዳዊት ሕዝቡን «የሌሊት ትኋን አትፍሩ» እያለ የሚያጽናና ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ያ እትም እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ «የባግ መጽሐፍ ቅዱስ» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶታል። በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን በዚያው ቦታ ያለው «ሽብር» የሚል ነው። እኔ በበኩሌ በከቨርዴል አልፈርድም። ትኋን ባለበት ቤት ያደረ ሰው ትርጉሙ ተሳስቷል ለማለት አይቸኩልም።

ሼክስፒርም ሐምሌት ላይ ቃሏን ሲጠቀም በመንፈስነቷ ነው። የእርሷ ዘር አሁንም አለ፤ «ቦጊማን» የሚሉት፣ ልጆች እንዲተኙ የሚጠራው ጭራቅ ከእርሷ ጋር የሚዛመድ ሳይሆን አይቀርም። «ባግቤር» የሚሉትም ነበር። ድብ የሚመስል፣ እምቢ ያለ ልጅ የሚበላ ጭራቅ ነው። በአገራችን ሥራውን አያ ጅቦ ተረክቦታል። ነገር ግን ባግቤር እንደ አያ ጅቦ ልጆች ዘንድ አልቀረም፤ አደገ። ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ «ባግቤሬ ነው» ካለ ጭራቅ አይደለም የሚያወራው፤ ደጋግሞ የሚያናድደውን ነገር ነው። ለምሳሌ ቲያትር ቤት ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው። እንግዲህ አስቡት፤ ጭራቁ ራሱ ተራምዶ ተራምዶ ንዝነዛ ጋ ደረሰ። ቃሏ ትኋን ባትሆንም እንኳ መድረሻዋ እዚያው ነበር ማለት ነው።

ትኋን የሆነችው በ1620ዎቹ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ላይ ባግ ማለት ነፍሳት ሆነ። መንፈሱ እንዴት እግር አውጥቶ ነፍሳት እንደ ሆነ የቃላት ሊቃውንቱ አንድ ቃል አልሆኑም። አንዳንዶቹ ጢንዚዛ ማለት የነበረ «ቡደ» የሚባል አሮጌ ቃል ተደባልቆባት ነው ይላሉ። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ ግን ትኋኗን ራሷን ተመልከቱ እላለሁ። ቀን የለችም። ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ የአልጋው መገጣጠሚያ ውስጥ ተለጥፋ ትውላለች። ሌሊት የሰውነታችንን ሙቀትና የትንፋሻችንን አየር ተከትላ ትመጣለች፤ ምራቋ የሚያደነዝዝ ነገር ስላለው ስትነክስ አይሰማም፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ደም ጠጥታ ትመለሳለች። ጠዋት ላይ የምታገኙት ተደርድሮ ያበጠ ቆዳ ብቻ ነው። መብራት ታበራላችሁ፣ ማንም የለም። ይህቺ መንፈስ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው? ፍራሽ ፀሐይ ላይ እያወጣን፣ የአልጋ ስንጥቅ ላይ የፈላ ውኃ እየደፋን ላደግን ሰዎች ይህ ሊቅ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም።

እንግሊዝ አገር «ባግ» ለረጅም ጊዜ ትኋን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ጨዋ ሰው በገበታ ላይ የማያነሣው ቃል ሆኖ ቆየ። አሜሪካኖቹ ግን ነውሩን ረሱት። ስድስት እግር ያለው፣ ስምንት እግር ያለው፣ ክንፍ ያለው፣ የሌለው፣ ለእነርሱ ሁሉም ባግ ነው። ይህ የሚያናድዳቸው አንድ ወገኖች አሉ፤ የነፍሳት ተመራማሪዎች። በእነርሱ ዘንድ እውነተኛ ባግ የሚባለው ሄሚፕቴራ የተሰኘው ትልቅ ወገን ነው፤ ከ80,000 በላይ ዝርያ አለው። መለያው አፉ ነው። አያኝክም፤ እንደ መርፌ የሾለ አፉን ሰክቶ ይመጥጣል። ትኋን ከዚህ ወገን ናት። ጢንዚዛ አይደለም። ያቺ ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ አሜሪካኖች ሌዲባግ የሚሏትም አይደለችም፤ ጢንዚዛ ናት። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ጸባቸውን በክፍተት ነው የሚገልጹት። ስሙ እውነት ሲሆን ሁለቱን ቃላት ለያይተው ይጽፋሉ፤ ቤድ ባግ። ስሙ ውሸት ሲሆን ያጣብቁታል፤ ሌዲባግ። አንዲት ባዶ ቦታ ለእውነትና ለውሸት መለያ ስትሆን ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ይህን ታሪክ ምናልባት ሰምታችሁት ይሆናል፤ የሰማችሁት ግን ጎዶሎውን ሳይሆን አይቀርም። የሚወራው እንዲህ ነው፦ ግሬስ ሆፐር የምትባል የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ በ1947 ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት ራት አገኘች፤ ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ስሕተት ባግ ተባለ። የእሳት ራቷ እውነት ናት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ 2 የሚባለው ክፍል ሙሉ የሚያህል ማሽን አልሠራም አለ። በዚያን ዘመን ማሽኑ የሚያስበው ሪሌ በሚባሉ፣ በማግኔት በሚከፈቱና በሚዘጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበር። ሠራተኞቹ ሲፈልጉ 70 ቁጥር ሪሌ ውስጥ የእሳት ራቷን አገኟት። በወረንጦ ይዘው የዕለት መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት፤ ከሥሯም በእውን ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ቀልድ ጻፉ።

ቀልዱን ልብ በሉት። «በእውን» የሚል ቃል የሚያስፈልገው ቃሏ ቀድሞ በምሳሌ ስትሠራ ከኖረች ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ዕድሜ ልካቸውን «ባግ አለው» ሲሉ ኖረው አንድ ቀን ባለ ክንፉን አገኙትና ሳቁ። ይኸው ነው። ሆፐርም ታሪኩን በየንግግሯ ስታወራው በመኖሯ በእርሷ ስም ቀረ። ያ መዝገብ ከነእሳት ራቷ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረትነት ተቀምጧል። ዋሽንግተን የምትኖሩ፣ በዚያ በር ስንቴ ታክሲ ይዛችሁ ያለፋችሁ ወዳጆቼ፣ የዓለም ታዋቂዋ ነፍሳት ጎረቤታችሁ ናት።

ቃሏ በመሐንዲሶች አፍ የገባችው የእሳት ራቷ ከመገኘቷ ሰባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ የፈጠራ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ሲያስረዳ፣ ሐሳቡ መጀመሪያ በድንገት ይመጣል፣ ከዚያ ችግሮች ይነሣሉ፣ እነዚያን ጥቃቅን ጉድለቶች «ባግ» እንላቸዋለን ይላል። እነርሱን ለማጥራት ወራት የፈጀ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግም አክሏል። በ1889 ደግሞ አንድ የለንደን ጋዜጣ ኤዲሰን ፎኖግራፉ ውስጥ ያለ ባግ ሲፈልግ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ዘገበ፤ ለአንባቢውም ትርጉሙን ሲያብራራ፣ በምናብ አንድ ነፍሳት እቃው ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ችግር እንደሚፈጥር ማለት ነው አለ። ይኸውላችሁ፤ የሌሊቷ ትኋን እንቅልፍ እየነሣች ማሽን ውስጥ ገባች።

ኮምፒውተር ሠሪዎቹ ቃሏን ከመሐንዲሶቹ ወረሱ። ከሁሉ የምወደው የዶናልድ ክኑትን ታሪክ ነው። ይህ ሰው ፕሮግራመሮች እንደ ዳዊት የሚደግሙትን የኮምፒውተር መጽሐፍ የጻፈ ፕሮፌሰር ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሰው እስከ 2008 ድረስ የ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይልክ ነበር። ለምን 2.56? ምክንያቱም 256 ሳንቲም በኮምፒውተሮቹ የአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «አንድ መቶ» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ለክኑት ድፍን አንድ ዶላር ነው። ቼኩ የደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ባንክ አልወሰዱትም፤ በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ነዝናዛ ሆኖ መሸለም ይሏል ይህ ነው።

በ1999 መጨረሻ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ባግ ነበር፤ «ሚሌኒየም ባግ»። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ቦታ ለመቆጠብ ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ይመዘግቡ ስለነበር 99 አልቆ 00 ሲመጣ ማሽኑ 1900 የገባ እንዳይመስለው ተፈራ። ያን ሌሊት እኛ የት ነበርን? ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ላይ። የእኛ 2000 የገባው መስከረም 1 ቀን ነው፤ ፈረንጆቹ 2007ን ሊጨርሱ ሦስት ወር ተኩል ሲቀራቸው። ያን ጊዜ «እኛን አይነካንም፤ ገና ስምንት ዓመት አለን» የሚል ቀልድ የማይወድ አልነበረም። ከቀልዱ ባሻገር ግን እኛ ባንቆጥርም ከውጭ የመጡት ማሽኖች ውስጥ ውስጡን የሚቆጥሩት በፈረንጁ ነበር። ባግ የባለቤቱን የቀን መቁጠሪያ አይጠይቅም።

የአዲስ አበባ ፕሮግራመሮችም ዛሬ «ባግ አለው» ነው የሚሉት። «ሳንካ» የሚል ጥሩ ቃል ቢኖረንም ቢሮ ውስጥ ብዙ አልሰማውም፤ ሳንካ የቆመ እንቅፋት ይመስላል፤ ባግ ግን ትሄዳለች፣ ትደበቃለች፣ ስትፈልጋት የለችም፣ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ብቅ ትላለች።

የሰላዩን ባግ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በኦገስት 1945 የሶቪየት ልጆች ለአሜሪካው አምባሳደር አቬሬል ሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ ትልቅ የአሜሪካ ማኅተም በስጦታ አበረከቱ። ንስሩ ያማረ ነበር፤ ሞስኮ በሚገኘው የአምባሳደሩ መኖሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለሰባት ዓመት ያህል አምባሳደሮች እየተለዋወጡ ከሥሩ ተቀምጠው አወሩ። በ1952 ሲመረመር በንስሩ ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፍ ዕቃ ተገኘ። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። ከውጭ ሰላዮቹ የሬዲዮ ሞገድ ሲልኩበት ብቻ ይነቃል፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ተራ እንጨት ነው። ለዚህ ነው ፈልገው ያጡት። የሠራው ሌቭ ተርመን ነው፤ ሳይነኩት በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚዘፍነውን የሙዚቃ መሣሪያ የፈጠረው ያው ሰው። በ1960 የአሜሪካው ልዑክ ንስሩን ይዞ መጥቶ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ለዓለም አሳየው። እንዲህ ያለውን ድብቅ ማይክሮፎን እንግሊዝኛው ባግ ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ አሁን እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ትኋኗን አስቡ። ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ ዝም ብላ።

የቀሩትን በሩጫ እንለፋቸው። በሽታ አምጪ ተሕዋስም ባግ ነው፤ «የሆድ ባግ ይዞኝ ነበር» የሚለው አለቃችሁ ትናንት የቀረበት ምክንያት ተቅማጥ መሆኑን በጨዋ ደንብ እየነገራችሁ ነው። ሱስ የሚመስል ፍቅርም ባግ ነው፤ የጉዞ ባግ የነከሰው ሰው ሻንጣው አይራገፍም። ባግስ የሚባሉም ነበሩ፤ እብድ ብጤ ማለት ነው። ጥንቸሉ ባግስ በኒ ስሙን ያገኘው በዚህ ቅጽል ከሚጠራ የካርቱን ዳይሬክተር ነው። ቮልስዋገኗም አለች። ጀርመኖቹ ጢንዚዛ አሏት፣ አሜሪካኖቹ ባግ፤ እኛ ቮልስ ብለን አቆላመጥናትና ገላገልናት።

እንግዲህ ወደ ንዝነዛው። ይህ ትርጉም ከሁሉ ታናሽ ነው። «ባግ» ሰውን ማስጨነቅ፣ ማሰልቸት በሚል ትርጉም በጽሑፍ የሚገኘው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ከስዊንግ ሙዚቀኞች አራዳ ቋንቋ እንደ ወጣ ይገመታል። ወዲያው ደግሞ ወንድም ተወለደላት። በኮሪያ ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች «ባግ አውት» ማለት ጀመሩ፤ ከግንባር ሹልክ ብሎ መሸሽ ማለት ነው። በዚያው ጦርነት የተሰለፈው ቃኘው ሻለቃችን አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ በመመለሱ ስለሚታወቅ ይህ አባባል የእኛን ሰዎች የሚመለከት አልነበረም።

አጠቃቀሟ ላይ ግን ብዙ ወዳጆቼ ይሳሳታሉና እዚህ ትንሽ ልቆይ። ቃሏ ሦስት ፊት አላት።

አንደኛው የልጅቷ ነው፤ ሰው ሰውን ባግ ያደርጋል። ይህ የነዘነዘና የጨቀጨቀ ወንድም ነው፤ ግን ቀላል ነው፣ የወዳጅ ነው፣ የወንድምና የእህት ነው። ለእኩያ ይባላል። ለአለቃ፣ ለአስተማሪ፣ ለማታውቁት ሰው «ባግ እያደረግከኝ ነው» ብትሉ ድፍረት ነው። (ልጅቷ ለአያቷ ማለቷስ? ከአገር ቤት ጆሮ አንጻር ከባድ ነው፤ እዚያ ግን ልጅ ሲነጫነጭ የሚለው ነው። አክስቴ ያልተቀየሙት እኔ ይህን ፈጥኜ ስለነገርኳቸው ይመስለኛል።)

ሁለተኛው ነገር ሰውን ባግ ሲያደርግ ነው፤ ይህ ደግሞ ፍጹም ሌላ ስሜት ነው። ጓደኛችሁ ኩርፍ ብላችሁ ሲያያችሁ «ምንድን ነው ባግ የሚያደርግህ?» ካለ ማን ነዘነዘህ ማለቱ አይደለም። ምን ከነከነህ ማለቱ ነው። አማርኛ እዚህ ጋ ሀብታም ነው፤ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚገላገለውን እኛ በቦታው እንለየዋለን። ያልገባን፣ ውስጣችን የሚመላለስ ጥርጣሬ ይከነክናል። እውነት መሆኑን እያወቅን ልንውጠው ያልቻልነው ነገር ይቆረቁራል፤ እንደ ገለባ ፍራሽ። (ይኸው ቃል ከተማንም ይመሠርታል፤ አዲስ አበባ ተቆረቆረች እንላለን። እንጨት ከመትከል ይሁን ከጎን ከመውጋት እናንተው ፍረዱ።) አሠራሩ ያላማረን ነገር ይጎረብጣል። ትርጉም የምትሠሩ ካላችሁ ልመናዬ ይህ ነው፦ «ኢት ባግስ ሚ» ስትሉ በደፈናው «ያናድደኛል» አትበሉ። ንዴት ይነድዳል፤ ባግ ግን ትመላለሳለች።

ሦስተኛው ፊት የትሕትና ነው፤ እኔ የምወደው። አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባ መልእክት ሲልክላችሁ «ባግ ላደርግህ ባልወድም» ብሎ ይጀምራል። ይህ «ላስቸግርዎት» ነው፤ ራስን ዝቅ ማድረግ። ሰውየው ራሱን ትንሽ ነፍሳት አድርጎ በራችሁ ላይ ያንዣብባል። ስለዚህ ቃሏን ለሌላው ስትሉት ዘለፋ፣ ለራሳችሁ ስትሉት ጨዋነት ይሆናል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ አለቃቸውን በጽሑፍ የዘለፉ ሰዎች አሉ፤ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ጋር በአንድ ስም ይጠራል።

ዘመዶቿ ደግሞ ሁሉም ከበረትና ከዱር የመጡ ናቸው። «ፔስተር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ከብት እንዳይሄድ እግሩን መተብተብ ነበር፤ የማይለቅህ ሰው እግርህን ነው የጠለፈህ። «ናግ» ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ መቆርጠም ነው፤ አይጥ በሌሊት የምታደርገው። «ሃውንድ» የአደን ውሻ ነው። «ባጀር» የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ሲሆን እንግሊዞቹ ውሾች እየለቀቁበት ሲጫወቱ ኖረው በ1835 በሕግ ተከለከሉ፤ ጨዋታው ቀርቶ ግሱ ቀረ። ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን ፋታ ሲነሳው ያው ግስ ይመጣል። «ሃራስ» ግን ከእነዚህ ጋር አይቀለድበትም፤ ዛሬ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ቃል ነው። ባግ የተደረገ ሰው ይነጫነጫል፤ ሃራስ የተደረገ ሰው ጠበቃ ይጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ማስታገሻ የማይሻው ባግ ብቻ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ። እኛም ከትናንሾቹ አንሸሽም። የማይለቅ ሰው እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ እንላለን፣ እንደ አልቅት እንላለን። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ የእኛዎቹ ሁሉ ተጣባቂ ናቸው፤ የእንግሊዝኛዋ ተመላላሽ ናት። መዥገርን ትነቅለዋለህ። ትኋኗ ነገም ትመጣለች።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ በስልክ ሳስረዳቸው አንድ ሰዓት ያህል አዳመጡኝና «ታዲያ እኔ ትኋን ነኝ አለችኝ ማለት ነው?» አሉ። «ኧረ የለም፤ አክስቴ...» ብዬ ስጀምር ሳቁ። እሳቸው የወደዱት የመጀመሪያውን ትርጉም ነው፤ የራሳቸውን። አሁን ሜሪላንድ በደወሉ ቁጥር ልጅቷን ስለ ምግቡ፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ፀጉሯ ጠይቀው ሲያበቁ «አንዲት በግ ልጨምር?» ይላሉ። ልጅቷም ትቆጥራለች። ባለፈው እሑድ ሰባት በግ ገብቶ ነበር፤ አራቱ ስለ ኮቱ።